ተሸንፈው የተሰቀሉ አራት ማሊያዎች

የውጤት ሰሌዳው ኬንታኪ 103፣ ዱክ 102 ይላል። በሰዓቱ ላይ የቀረው 2.1 ሴኮንድ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ መጋቢት 19 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ማርች 28 ቀን 1992። ቦታው የፊላደልፊያው ስፔክትረም አዳራሽ፣ ጨዋታው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ውድድር። ከአፍታ በፊት የኬንታኪው ሾን ዉድስ ወደ ቅርጫቱ ዘልቆ ከረጅሙ ተከላካይ እጅ በላይ የለቀቃት ኳስ ሰሌዳውን ነክታ ገብታለች። ዱክ ታይም አውት ጠይቋል። ከ17,000 በላይ ሰው በሞላው አዳራሽ ውስጥ ሰማያዊ የለበሱት የኬንታኪ ደጋፊዎች ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ሊያሰናብቱ የቀራቸው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ጨዋታው ሲቀጥል የዱኩ ግራንት ሂል ከመስመር ውጭ ቆሞ ኳሷን ያዘ። ፊቱ ላይ ቆሞ እጁን የሚዘረጋበት ተከላካይ የለም። አነጣጥሮ ወረወራት። ኳሷ የሜዳውን ሦስት አራተኛ በአየር አቋርጣ በተቃራኒው የቅጣት ውርወራ መስመር አካባቢ ወደቆመው ወደ ክርስቲያን ሌይትነር ደረሰች። ሌይትነር ሁለት የኬንታኪ ተጫዋቾች እያሉ ዘሎ ያዛት። ወደ ቀኝ የሚሄድ አስመሰለ፣ አንዴ አነጠራት፣ ወደ ግራ ዞሮ ለቀቃት። ኳሷ አየር ላይ እንዳለች ሰዓቱ አለቀ። ገባች። 104 ለ103።

የኬንታኪው ሪቺ ፋርመር ወለሉ ላይ ወደቀ። ያሸነፈው የዱክ ተጫዋች ቶማስ ሂል እንኳ እጆቹን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ አለቀሰ፤ ያ ፊቱ እስከ ዛሬ በፎቶግራፍ ይታያል። ከፊላደልፊያ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሌክሲንግተን፣ በምሥራቅ ኬንታኪ የከሰል ማዕድን ሸለቆዎችና በትምባሆ እርሻዎቹ መካከል ደግሞ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ከብበው የነበሩ ቤተሰቦች የሚሉት ጠፋቸው።

ያቺ ውርወራ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ማርች ላይ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ትደገማለች። የምትታየው ግን ባሸነፈው ወገን ዓይን ነው። የተሸነፈው ወገን ታሪክ ይበልጥ የሚደንቅ ሆኖ ሳለ ብዙ አይነገርም። ደጋፊዎቹ ማልቀሳቸው ምንም አይገርምም። የሚገርመው ከዚያች ሌሊት 10 ቀን በኋላ ያደረጉት ነው፦ የተሸነፉትን አራት ልጆች ማሊያ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ዩኒቨርሲቲ ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር ሲሰቅል ቆመው አጨበጨቡ።

ሌላ ቡድን የሌለው ሕዝብ

ኬንታኪ በ1990ው የሕዝብ ቆጠራ 3.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ የነበራት፣ በፈረስ እርባታ፣ በትምባሆና በከሰል ድንጋይ የምትታወቅ ግዛት ናት። የኤንቢኤ ቡድን የላትም። ኮሎኔልስ የሚባል ባለሙያ ቡድን ሉዊቪል ውስጥ ነበራት፤ እሱም በ1976 ፈረሰ። ስለዚህ ሌላው አሜሪካዊ ለከተማው ባለሙያ ክለብ የሚሰጠውን ፍቅር ብዙው የኬንታኪ ሰው ለተማሪዎች ቡድን ሰጠ። የዩኒቨርሲቲውን በር ረግጦ የማያውቅ ገበሬ ስለ ቡድኑ ሲናገር «የእኛ ልጆች» ይላል።

ይህን ፍቅር ያሳደጉት አሰልጣኝ አዶልፍ ራፕ ናቸው። ከ1930 እስከ 1972 ቡድኑን መርተው በ1948፣ በ1949፣ በ1951 እና በ1958 ብሔራዊ ሻምፒዮን አደረጉት። አምስተኛው ዋንጫ በ1978 በጆ ሆል ዘመን ተጨመረ። በ1976 የተከፈተውና በራፕ ስም የተሰየመው ራፕ አሬና በዚያ ዘመን 23,000 ያህል ሰው ይይዝ ነበር። ቢሆንም ለአብዛኛው ደጋፊ ጨዋታ ማለት አዳራሽ ገብቶ ማየት አልነበረም። ቡድኑ በድምፅ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው።

የድምፁ ባለቤት ኬይዉድ ሌድፎርድ ይባላሉ። የከሰል አገር በሆነችው ሃርላን የተወለዱት ሌድፎርድ የኬንታኪን ጨዋታ በሬዲዮ ማስተላለፍ የጀመሩት በ1953 ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ ከገባ በኋላ እንኳ ብዙ ሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ ምስሉን እያየ የሚሰማው እሳቸውን ነበር። የ1991 እና 92 የውድድር ዘመን የመጨረሻቸው እንደሚሆን አስቀድመው አሳውቀው ስለነበር፣ ቡድኑ በተሸነፈባት ሌሊት ለ39 ዓመት የለመዱት የጨዋታ ድምፅም አብሮ እንደሚሰናበት ደጋፊዎች ያውቃሉ። የዚያ ዘመን ውድድር 64 ቡድኖች የሚገቡበት፣ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነው። ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም።

የሽንፈቱን ሕመም ያባባሰው ሌላው ነገር ርቀት ነው። በሜዳው የሚሸነፍ ቡድን ቢያንስ ደጋፊው እየጮኸ የአቅሙን ይሞክርለታል። ፊላደልፊያ የዱክም የኬንታኪም ሜዳ አልነበረችም። ትኬት አግኝቶ ከተጓዘው ጥቂት ሰው በቀር የኬንታኪ ሕዝብ ከመስማትና ከመጸለይ ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም።

ከፖስታ የወጣው 1,000 ዶላር

የደጋፊዎቹን እንባ ለመረዳት አራት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1988 የጸደይ ወራት ከኬንታኪ ቅርጫት ኳስ ቢሮ ለአንድ ምልምል ተጫዋች አባት ወደ ሎስ አንጀለስ የተላከ ፖስታ በመንገድ ላይ ተከፈተ። ውስጡ 1,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ መገኘቱ ተነገረ። በኮሌጅ ስፖርት ሕግ ተጫዋችን ለማስመጣት ገንዘብ መክፈል ክልክል ነበር። ምርመራው ሲሰፋ ሌላ ተጫዋች በመግቢያ ፈተና አጭበርብሯል የሚል ክስም ተጨመረ። ቡድኑ በ1988 እና 89 የውድድር ዘመን 13 ጊዜ አሸንፎ 19 ጊዜ ተሸነፈ፤ ከ1927 ወዲህ ከድሉ ሽንፈቱ የበለጠበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። አሰልጣኙ ኤዲ ሳተን ሥራቸውን ለቀቁ።

በሜይ 1989 የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ ቅጣቱን አሳወቀ። ኬንታኪ ለሁለት ዓመት ከብሔራዊው ውድድር ታገደ፤ ለአንድ ዓመት ደግሞ ጨዋታው በቀጥታ በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ተከለከለ። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት የቡድኑን ውርደት የፊት ገጹ ላይ አወጣው። ስም ያላቸው ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ዋንጫ የማይገኝበትና በቀጥታ ስርጭት የማይታይ ቡድን ውስጥ ለመቅረት ምክንያት የሚሆን ነገር አልነበረም።

ከቀሩት መካከል አራቱ በኋላ ስማቸው አንድ ላይ የሚጠራ ልጆች ናቸው። ሪቺ ፋርመር ከምሥራቁ ተራራማ አገር ከክሌይ ካውንቲ የመጣ ነው፤ በ1988 በግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፍጻሜ ብቻውን 51 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ ግን ተሸንፏል። ጆን ፔልፍሪ የዚያው የምሥራቅ አገር ከተማ የፔይንትስቪል ልጅ ነው። ዴሮን ፌልድሃውስ ከኦሃዮ ወንዝ ዳር ከሜይስቪል የመጣ ሲሆን አባቱም በራፕ ዘመን ለኬንታኪ ተጫውተዋል። አራተኛው ሾን ዉድስ የጎረቤቷ የኢንዲያናፖሊስ ልጅ ነው። ሦስቱ በልጅነታቸው ሌድፎርድን በሬዲዮ እየሰሙ ያደጉ የግዛቱ ልጆች ናቸው፤ አራተኛው ባዕድ ሆኖ መጥቶ ከእነሱ ጋር ለመቅረት የመረጠ ነው።

አዲሱ አሰልጣኝ ሪክ ፒቲኖ ከኒው ዮርክ ኒክስ መጡ። በእጃቸው የነበረው ተጫዋች ጥቂት፣ ቁመትም የጎደለው ነበር። ስለዚህ በሩጫና ሜዳውን ሙሉ በሚሸፍን ጫና ተማመኑ፤ በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ገና ጥቂት ዓመት የሆነውን የባለ ሦስት ነጥብ ውርወራም ከሌሎች ቀድመው ዋና መሣሪያቸው አደረጉት። መጀመሪያ ዋጋ አስከፈላቸው። በዲሴምበር 1989 ወደ ካንሳስ ሄደው 150 ለ95 ተሸነፉ። ልዩነቱ 55 ነጥብ ነው። ደጋፊው ግን ከቡድኑ አልራቀም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ያው ቡድን ሻኪል ኦኒል የነበረበትን ኤልኤስዩን በራፕ አሬና 100 ለ95 ሲያሸንፍ አዳራሹ ተናወጠ። ዓመቱን 14 አሸንፎ 14 ተሸንፎ ጨረሰ፤ ዋንጫ የለመደው ሕዝብም በዚያ ውጤት ደስ አለው።

በቀጣዩ ዓመት 22 አሸንፎ 6 ብቻ ተሸነፈ። በሊጉ ከሁሉም የተሻለ ውጤት ቢያመጣም በቅጣቱ ምክንያት ዋንጫው ለሌሎች ተሰጠ። በ1992 እገዳው ሲነሳ አራቱ የመጨረሻ ዓመታቸው ላይ ነበሩ። ከኒው ዮርክ ከመጣው ከጃማል ማሽበርን ጋር ሆነው የሊጉን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወሰዱ፤ በብሔራዊው ውድድርም እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ደረሱ። በዚያ ያገኙት ዱክን ነው።

«ቢሆን ኖሮ»

ጨዋታውን የዱክ ብልጫ ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ዱክ በ12 ነጥብ መርቶ ነበር። ኬንታኪ በሜዳ ሙሉ ጫናውና በሦስት ነጥቦቹ ልዩነቱን አጥቦ መደበኛው ሰዓት 93 ለ93 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት የመጨረሻዎቹ 32 ሴኮንዶች ውስጥ ብቻ መሪነቱ አምስት ጊዜ ተቀያየረ። ሌይትነር ለዱክ አስቆጠረ፤ ማሽበርን ሦስት ነጥብ አግኝቶ ኬንታኪን አስቀደመ፤ ያው ማሽበርን አምስተኛ ፋውሉን ሠርቶ ወጣ፤ ሌይትነር ሁለቱን የቅጣት ውርወራ አገባ፤ ዉድስ መለሰ፤ ሌይትነር ዘጋው። ማሽበርን በ28 ነጥብ፣ ዉድስ በ21 ነጥብ ጨረሱ። ሌይትነር ከሜዳ የወረወራቸውን 10 ኳሶች በሙሉ፣ ከቅጣት መስመር የወረወራቸውን 10 ኳሶችም በሙሉ አግብቶ 31 ነጥብ አስቆጠረ። አንድ እንኳ ቢስት ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

የሽንፈት ሙግት የሚጀምረው በዚሁ «ኖሮ» ነው። የኬንታኪ ደጋፊ ሦስት ሙግቶች አሉት፤ ከሦስት አሥርት ዓመት በኋላም አንዳቸውም አልተዘጉም።

የመጀመሪያው የሂል ጉዳይ ነው። ለምን ማንም ፊቱ አልቆመም? የፒቲኖ ስሌት ግልጽ ነበር፦ ኳስ የሚያስገባው ሰው ራሱ ማስቆጠር ስለማይችል እሱን ትቶ በቀሩት አራት ላይ አምስት ተከላካይ ማሰለፍ ይቻላል። ትርፉን ሰው ሌይትነር ላይ ደረቡት፤ ፌልድሃውስ ከኋላ፣ ፔልፍሪ ከፊት። በዚያው ዓመት ዱክ ይህንኑ ጥሪ ከዌክ ፎረስት ጋር ሞክሮ የሂል ኳስ አቅጣጫ ስታ ከሽፎበት ነበር። ስሌቱ ያላሰበው አንድ ነገር፣ ፊቱ ላይ እጅ የማይዘረጋበት ወርዋሪ ተረጋግቶ እንደሚያነጣጥር ነው።

ሁለተኛው የፋውል ፍርሃት ነው። ፔልፍሪና ፌልድሃውስ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ያህል ቁመት አላቸው፤ ሌይትነር ግን 2.11 ሜትር ነው። ኳሷ ስትመጣ ፔልፍሪ ሊደርስባት ተቃርቦ ነበር። ቢነካውና ዳኛው ቢነፋ፣ ያን ሌሊት ስቶ የማያውቅ ሰው ወደ ቅጣት መስመር ሊሄድ ነው። ስለዚህ ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሦስተኛው ሙግት የንዴት ነው። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሌይትነር ወለል ላይ የወደቀውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ አሚኑ ቲምበርሌክን ደረቱ ላይ ረገጠው። ዳኞቹ ቴክኒካል ፋውል ሰጡት፤ ከሜዳ ግን አላስወጡትም። ቲምበርሌክ ራሱ ተነስቶ ፈገግ እያለ አጨበጨበ። ደጋፊው ግን እንደ እሱ አልሳቀም። በኬንታኪ ሙግት ያ ሰው በመጨረሻዋ ሴኮንድ ሜዳ ውስጥ መገኘት አልነበረበትም።

አንድ ነጥብ ከ55 ነጥብ ይልቅ የሚያምበት ምክንያት በጥናትም ታይቷል። በዚያው በ1992 በተካሄደው የባርሴሎና ኦሊምፒክ የሜዳሊያ አሸናፊዎችን ፊት በቪዲዮ ያጠኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ነሐስ ያገኙት ብር ካገኙት ይልቅ ደስተኛ ሆነው እንደታዩ አሳይተዋል። ነሐስ ያገኘው ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችል እንደነበር ያስባል፤ ብር ያገኘው የሚያስበው ያመለጠውን ወርቅ ነው። በሰፊ ልዩነት የተሸነፈ ሰው ሌላ መጨረሻ መሳል አይችልም። በጠባብ ልዩነት የተሸነፈ ግን ሲነቃም ሲተኛም ይስላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን የምናውቀው በወዲያኛው በኩል ነው፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በ0.09 ሴኮንድ ቀድሞ ሲገባ እኛ ጨፈርን፣ ኬንያ ውስጥ ግን «ቢሆን ኖሮ» የሚል ሌሊት ነጋ።

ያሸነፈው አሰልጣኝ በተሸናፊው ሬዲዮ

የመጨረሻው ጡሩምባ ከተሰማ በኋላ የዱኩ አሰልጣኝ ማይክ ሽሼቭስኪ ከተጫዋቾቻቸው ጋር ከመፈንደቅ በፊት ዓይናቸው ፋርመር ላይ አረፈ። በኋላ ደጋግመው እንደተናገሩት ያ የልጁ ፊት ደስታቸውን ያዝ አደረገው። ከዚያ ኬይዉድ ሌድፎርድ ወደተቀመጡበት የሬዲዮ ጠረጴዛ ሄደው ማይክሮፎን ጠየቁ፤ ለኬንታኪ ሕዝብ በቀጥታ ስለ ልጆቹ ተጋድሎ፣ ለሌድፎርድም ስለ ዘመን አገልግሎታቸው የአድናቆት ቃል ተናገሩ። የኬንታኪ ሰው ዱክን ቢጠላም ያን ሌሊት አሰልጣኙ ያደረጉትን አይክድም። ቁጣው ተሰብስቦ በሌይትነር ላይ ያረፈው አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ለተሸናፊ ክብር የሰጠን ሰው መጥላት ያስቸግራል፤ ደረት የረገጠውን መጥላት ግን ቀላል ነው።

የሌሎች ቡድኖች ደጋፊዎች ቡድናቸው ሲሸነፍ ምን ያደርጋሉ? ሮበርት ቻልዲኒ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1976 ያሳተሙት ታዋቂ ጥናት መልስ አለው። በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎችን አለባበስ ሲቆጥሩ፣ ቡድናቸው ካሸነፈ በኋላ ባለው ሰኞ የዩኒቨርሲቲያቸውን ስም ወይም ምልክት ለብሰው የሚመጡት እንደሚበዙ አገኙ። በስልክ ሲጠየቁ ደግሞ ስለ ድል ሲናገሩ ራሳቸውን ከቡድኑ ጋር ይቆጥራሉ፤ ስለ ሽንፈት ሲናገሩ ግን ብዙውን ጊዜ ቡድኑ ብቻውን ተሸናፊ ይሆናል። በአገራችንም ውጤት ሲጠፋ ስታዲየሙ እንደሚሳሳ ሁሉ ሰው ከሽንፈት ይርቃል።

ኬንታኪ ውስጥ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤፕሪል 7 ቀን 1992፣ ዱክ ሚችጋንን 71 ለ51 አሸንፎ ዋንጫውን ባነሳ ማግስት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ራፕ አሬና ተሰበሰቡ። የስፖርት ዳይሬክተሩ ሲ.ኤም. ኒውተን አራቱን ልጆች ወደ ላይ እንዲያዩ ነገሯቸው። 11 ቁጥር ዉድስ፣ 12 ቁጥር ፌልድሃውስ፣ 32 ቁጥር ፋርመር፣ 34 ቁጥር ፔልፍሪ። ማሊያዎቻቸው ዳን ኢሴልን ከመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲው ታላላቅ ስሞች ጋር ተሰቅለው ነበር።

በቁጥር ከሄድን ክብሩ አይገባቸውም። አራቱም የሻምፒዮንነት ቀለበት የላቸውም፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውስጥም አልገቡም። አንዳቸውም በኤንቢኤ አልተጫወቱም። ሕዝቡ ግን የቆጠረው ሌላ ነገር ነው። ሌሎች ሲሄዱ የቀሩ ናቸው። ቡድኑ በቀጥታ ስርጭት በማይታይበት ዓመት የሮጡ፣ በ55 ነጥብ ተሸንፈውም ያልለቀቁ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚከፈል ዋንጫ በእጁ ያልነበረው ሕዝብ የነበረውን ሰጠ።

እዚህ ላይ ያቺን ውርወራ በሌላ ዓይን ማየት ይቻላል። ኬንታኪ ያን ሌሊት አሸንፎ ከሳምንት በኋላ በሰፊ ልዩነት ቢሸነፍ ኖሮ አራቱ ጥሩ ተጫዋቾች ተብለው ይሸኙ ነበር፤ ማሊያቸው መሰቀሉ ግን ያጠራጥራል። በአንዲት ነጥብ መሸነፋቸው ምን ያህል እንደደከሙ ለሁሉም ግልጽ አደረገው። ድል ቢሆን ኖሮ ሰው ዋንጫውን ያይ ነበር። ሽንፈቱ ልጆቹን አሳየ።

ጥላቻውና ሒሳቡ

ይህ ሁሉ ውብ ነው ብሎ ማቆም ግን ለደጋፊ ማጎብደድ ይሆናል። ያው ፍቅር የሌይትነርን ስም ለአንድ ትውልድ ስድብ አድርጎታል። ኢኤስፒኤን በ2015 ያቀረበው ዘጋቢ ፊልም ርዕስ «ክርስቲያን ሌይትነርን እጠላዋለሁ» የሚል ነበር። በ1992 ገና ያልተወለዱ ልጆች ጥላቻውን ከአባታቸው ወርሰዋል። ማርች 22 ቀን 1998 ሁለቱ ቡድኖች ፍሎሪዳ ውስጥ በዚያው የስምንት ቡድኖች ደረጃ ተገናኝተው፣ ኬንታኪ ከ17 ነጥብ ኋላ ተነስቶ 86 ለ84 ሲያሸንፍና በኋላም ዋንጫውን ሲያነሳ ብዙዎች ሒሳቡ ተዘጋ አሉ። አልተዘጋም። በ1996፣ በ1998 እና በ2012 ሦስት ዋንጫ ካነሱ በኋላም 2.1 ሴኮንድ ሲባል የኬንታኪ ሰው ፊቱ ይቀየራል።

ሊዘነጋ የማይገባ ሌላም ነገር አለ። 1,000 ዶላሩን ወደ ፖስታው ያስገባው ግፊትና አራቱን ማሊያ የሰቀለው ፍቅር ምንጫቸው አንድ ነው። ሌላ ቡድን የሌለው ሕዝብ ማሸነፍ አለብን ሲል ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው ሕግ ለመጣስ ይገፋፋል። የ1989ኙ ውርደት የጥቂት ሰዎች ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ሽንፈትን መታገሥ ያልለመደ ሕዝብ የፈጠረው ጫናም ነበር። ሽንፈትን መታገሥ የተማሩት በቅጣቱ ዓመታት ነው። ከካንሳሱ ሌሊት በኋላ ከቡድኑ ጋር ያልቀረ ሰው በፊላደልፊያው ሌሊት ሊያመሰግን አይችልም ነበር።

የአራቱ ሕይወት ከዚያ በኋላ በየፊናው ሄደ። ፔልፍሪና ዉድስ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አሰልጣኝ ሆኑ፤ ፌልድሃውስ ወደ ሜይስቪል ተመለሰ። ፋርመር ሕዝቡ በማይረሳው ስሙ ተወዳድሮ ሁለት ጊዜ የግዛቱ የግብርና ኮሚሽነር ሆኖ ተመረጠ፤ በኋላም የመንግሥት ሀብት አላግባብ በመጠቀም ጥፋተኛነቱን አምኖ በ2014 የ27 ወር እስራት ተፈረደበት። ማሊያው አልወረደም። ትክክልም ይመስለኛል። ማሊያው የሰውየውን ዕድሜ ሙሉ አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ከ1989 እስከ 1992 ስላደረገው ነው። ይልቅ ደጋፊው ሊጠይቀው የሚገባው፣ በሜዳ ላይ ያሳየው ታማኝነት ለሥልጣን ዋስ ይሆናል ብሎ ድምፁን የሰጠው ለምን እንደሆነ ነው።

ሌድፎርድ በ2001 አረፉ፤ የራፕ አሬና ወለልም በስማቸው ተጠራ። የኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ራሱ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሆኗል። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ ዝውውርም ቀሏል፤ ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። በ1989 ቡድን ያፈረሰው 1,000 ዶላር ዛሬ ለአንድ ኮከብ የኪስ ገንዘብ አይሆንም። ይህ ለተጫዋቾቹ ፍትሕ ነው፤ በእነሱ ላብ አዳራሽ ሲሞላ ለዘመናት ባዶ እጃቸውን ሄደዋልና። ደጋፊው ግን የሚከፍለው ዋጋ አለ። ዘንድሮ እዚህ ያለው ተጫዋች በሚመጣው ዓመት ተቃራኒ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ቡድኑ በየዓመቱ አዲስ ፊት ሲሆን ደጋፊው የሚያውቀው ውጤቱን ብቻ ይሆናል፤ ውጤቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በአንድ ነጥብ ሲሸነፍ ከመናደድ ሌላ የሚያደርገው የለውም።

104 ለ103ን እንደ ክብር ለመቁጠር 150 ለ95ን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። በሁለቱ ውጤቶች መካከል ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። ያን መንገድ አራቱ ልጆችና ሕዝቡ አብረው ሄደውታል። ገንዘቡም ዝውውሩም ሕጋዊ በሆነበት በዚህ ዘመን የኬንታኪም ሆነ የሌላ ቡድን አመራር ደጋፊውን ማቆየት ከፈለገ፣ ከሚገዛው ኮከብ ጎን ከሽንፈት ዓመት አልፎ የሚቆይ ልጅ መፈለግና ለመቆየቱም መክፈል ይኖርበታል።